ከጎማው ሥር ያለው ድንጋይ

ጋሽ ሸረፈዲን የልጃቸውን ድምፅ የሰሙት ከመኪናቸው በስተኋላ ቁጢጥ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ሲመቱ ነው። ሰላህ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ፣ አባቱ መስኮቱ ሥር መኖራቸውን ሳያውቅ፣ በስልክ ያወራል። «ዛሬ እኮ ነው የቦሎው መጨረሻ ቀን። መኪናዋ አታልፍም አልሁህ! ክሪኳ፣ ምኗ፣ ዕቃዋ ሁሉ የት የት እንደገባ ማን ያውቃል? ሳታልፍ ስትቀር አባባ ራሱ ትሸጥ ይላል፤ እኔም ክፉ ልጅ አልባልም። አንተ ብቻ የመራዊውን ሰውዬ ነገ ይዘኸው ና፤ አይቷት ይግዛት» አለ። ከወዲያ ያለው ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቀው አልቀረም፣ ሰላህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ላድርግ? አባባ መርሳት ጀምሯል» አለ።

ሌላ አባት ቢሆን ተነስቶ መስኮቱን በቡጢ ይደበድብ ነበር። ጋሽ ሸረፈዲን ግን የሰው ጓዳ ሲያዳምጡ የተያዙ ይመስል አፍረው፣ እግራቸው እስኪደነዝዝ እዚያው ቁጢጥ እንዳሉ ቀሩ። መኪናዋን መሸጡስ ይሁን፤ ሰው ንብረቱን ይሸጣል ይለውጣል፣ ዕድሜ ልካቸውን ጨውና ቅመም ሲነግዱ የኖሩ ሰው ይህ አይጠፋቸውም። አንጀታቸው ውስጥ የገባችው «መርሳት ጀምሯል» የምትለዋ ናት። ምክንያቱም ከአረፋ ወዲህ እሳቸውም ሌሊት እየነቁ ራሳቸውን የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር።

ዲኤክሷ ሰላህ ዳዴ ሲል የተገዛች መኪና ናት። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ሞተሯን ግን ማንም አይንቃትም። ጋሽ ሸረፈዲን በየጠዋቱ ኮፈኗን ከፍተው ዘይት ያያሉ፣ ውኃ ያያሉ፣ ካንዴላ ነቅለው ያብሳሉ፣ ከዚያ አስነስተው እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ሞተሩ ደህና ከሆነ መኪናዋ ደህና ናት፤ ከሞተሩ ወዲያ ያለውን ነገር ሁሉ እንደ ትርፍ ነው የሚያዩት። ባለፈው የአረፋ ለት ከሰዓት ቤተሰቡ በሙሉ ሐይቅ ዳር ወርዶ ነበር። ጋሽ ሸረፈዲን ዲኤክሷን ወደ ውኃው በሚያዘቀዝቀው ሣር ላይ አቆሙና፣ የእጅ ፍሬኑን ጎትተው፣ ምንጣፉን ተሸክመው ወረዱ። የሰላህ ልጅ ሰሚሐ የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷት ቀርታለች። ምንጣፉ ገና ሳይዘረጋ መኪናዋ ማንንም ሳታስፈቅድ ቁልቁል ወረደች። ወርዳም ደንገሉ ውስጥ ገባች፤ የፊት ጎማዎቿ ጭቃው ውስጥ ሰጥመው ባይዟት ኖሮ፣ አላህ ይጠብቀን፣ ወሬው ሌላ ነበር። ልጅቱ እንኳ አልነቃችም። ሰላህ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ ልጁን አቅፎ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጎተትሁት እኮ!» አሉ ጋሽ ሸረፈዲን። «የእጅ ፍሬኑን ጎተትሁት እኮ!» አሉ ደግመው። ሚስታቸው ዘይነት ምንጣፉን መልሳ መጠቅለል ጀመረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዲኤክሷ ውስጥ አንድ ጥቁር ድንጋይ ይጓዛል። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ዘይነት ድንጋዩን ታቅፋ ቀድማ ትወርድና ከጎማው ሥር ታኮ ታደርገዋለች፤ ጋሽ ሸረፈዲን የሚወርዱት እሷ «ውረድ» ስትላቸው ነው። ስለ ድንጋዩ ማንም ተናግሮ አያውቅም፤ አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ ተገኘ፣ በቃ። ሰሚሐም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት የምትሄደው በባጃጅ ነው። ድሮ በየጠዋቱ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ፣ ዘንባባዎቹን በጣቷ እየቆጠረች፣ ቁጥሩን እያሳሳተች ነበር የምትሄድ። እናቷ ተቅዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ «አባባ እርስዎ አይድከሙ ብለን ነው» ትላቸዋለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ። እሳቸውም «ደግ አደረጋችሁ» ይላሉ። ቀኑን ሙሉ የሚከነክናቸው ግን ያ የጠዋት መንገድ ነው።

አሁን ከጎማው አጠገብ ተነስተው፣ ጉልበታቸውን አራግፈው፣ ወደ ሳሎን ገቡ። ዘይነት የደረቀ ልብስ ታጥፋለች። «ዛሬ ቦሎ ላሳድስ ነው» አሏት። «የመኪናዋ ክሪክ የት ነው?» ዘይነት እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ እንደያዘች ቀረች። ወደ ሰላህ ክፍል አየት አደረገችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች፤ ጋሽ ሸረፈዲንም ነገሩን እሷም እንደምታውቅ ያኔውኑ ገባቸው። ሸሚዙን አጥፋ ከጨረሰች በኋላ፣ «ክሪክማ የሰላህ አልጋ ሥር ነው» አለች። «በሠርጋቸው ሰሞን የአልጋው እግር ሲሰበር አንተው አይደለህ ያስገባኸው? እስከ ነገ ብለህ!»

እንዲህ ነው እንግዲህ የተጀመረው። ያቺ መኪና ለክፉ ቀን ተብሎ የተሰጣትን ዕቃ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ለቤቱ ስታበድር ኖራለች። የጎማ መፍቻው የግቢው በር መቀርቀሪያ ሆኗል፤ ሌባም ቢሆን ያን የመሰለ ብረት አይደፍረውም ተብሎ ነው። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑን ከፈቱት፤ ክር፣ ቁልፍ፣ የመርፌ ጥቅልና የደረቀ ሂና ወጣው። ዘይነት ክሩን ወደ ሻይ ጣሳ ገልብጣ፣ ሳጥኑን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ፣ ፋሻና አልኮል ልትገዛ ወደ ጥጉ መድኃኒት ቤት ወጣች። ነጠላ እንኳ አልደረበችም፤ ስትቸኩል ያዩዋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ትርፉ ጎማ ከኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ከነጭ ሽንኩርት ማዳበሪያ ሥር ተገኘ። ተገኘ እንጂ ጎማ ለመባል አልበቃም፤ በጣታቸው ሲነኩት እንደ ሊጥ ሰረጎደ።

አንጸባራቂው ባለ ሦስት ማዕዘን ደግሞ የአሻንጉሊት ቤት ጣሪያ ነው። ሰሚሐ ቦርሳዋን አንግታ ባጃጇን ስትጠብቅ፣ አያቷ ጣሪያውን ሊያነሱ ሲያጎነብሱ አየችና እየሮጠች መጣች። «ዝናብ ቢመጣ ልጆቼ ይበሰብሳሉ!» አለች። እሳቸውም መንገድ ላይ መኪና ቢበላሽ ከኋላ የሚመጣው ሰው አይቶ እንዲጠነቀቅ ይህ ነገር የግድ እንደሚያስፈልግ አስረዷት። ሰሚሐ አልተዋጠላትም፤ ሰው ሁሉ መኪና ሲበላሽበት ቅጠልና ድንጋይ ነው መንገድ ላይ የሚያስቀምጥ፣ እሷ በዓይኗ አይታለች። «ማታ ሌላ ጣሪያ አመጣልሻለሁ» አሏት። «ወላሂ በል።» «ወላሂ።» ባጃጁ ጡሩንባውን ነፋ፣ ልጅቱ ሮጠች፣ ጋሽ ሸረፈዲንም ቀዩን ነገር በእጃቸው እንደያዙ ባጃጁ እስኪታጠፍ ቆመው አዩ። ሰላህም ከኋላ ወጣ። «አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ» አለ። «ወአለይኩሙ ሰላም» አሉ። እጃቸው ላይ ያለውን አየ፤ እሳቸውም ማየቱን አዩ፤ ከዚያ ወደ ሱቁ ሄደ።

ክሪኩን ለማውጣት ተቅዋ አልጋውን በአንድ በኩል አነሳች። ክሪኩ ከስንት ዓመት አቧራና ከአንድ የጠፋ የጆሮ ጌጥ ጋር ወጣ። አልጋው ጎኑን ይዞ ዘመም አለ። ተቅዋ ጌጧን ስታገኝ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ወዲያው ግን ፈገግታዋ ጠፋ። «አባባ፣ ዛሬውኑ ነው እንዴ የሚሄዱት?» አለች። «ዛሬውኑ። መጨረሻው ቀን አይደል?» አሉ። «ኢንሻአላህ ይቅናዎት» አለች፤ ከልቧም ትመስል ነበር። እንግዲህ የቀረው እሳት ማጥፊያው ነው።

እሳት ማጥፊያው የማንም አይደለም፣ የሰፈሩ ነው። ጎረቤታቸው መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ቮልስ ነበረቻቸው፤ ቮልሷ ተሸጣ እሳት ማጥፊያዋ ቀረች። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ቦሎ የሚያሳድስ ሁሉ ከመሪጌታ ቤት እሳት ማጥፊያዋን ይዋሳል፣ አሳይቶ ያልፋል፣ ማታ ይመልሳል። የራሱን የሚገዛ የለም፤ አንዷ ስትበቃ ለምን ተብሎ። ጋሽ ሸረፈዲን አጥሩን ተሻግረው ሲገቡ መሪጌታ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ከደሴት የመጣላቸውን ሎሚ በቅርጫት ይመርጣሉ። ወደ ደሴቱ ሲሻገሩ ወደ ጀልባው የሚያደርሷቸውም የሚመልሷቸውም ጋሽ ሸረፈዲን ናቸው፤ በዲኤክሷ። «ተረኛው አንተ ነህ?» አሉ ሳቅ ብለው። «ያች እሳት ማጥፊያ እኮ ከእኔ ይልቅ ብዙ መኪና ተሳፍራለች! ከበሩ ጀርባ አለች፣ ውሰዳት።» ከዚያ ትንሽ አስተዋሉና፣ «ምነው ሸረፍ፣ ፊትህ ልክ አይደለም» አሉ። ጋሽ ሸረፈዲን «ደህና ነኝ፣ መሪጌታ። ብቻ አላልፍ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ» አሉ። ለሰው ፈራሁ ሲሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። መሪጌታም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው በግእዝ የሆነ ነገር አሉላቸው፤ ሸረፈዲን ቃሉ ባይገባቸውም አሜን አሉ።

ዲኤክሷን ሲያስነሱ ዘይነት ሳትጠራ መጥታ ድንጋዩን ታቅፋ ከጎናቸው ተቀመጠች። በመንገድ ጎሚስታ ዘንድ ቆመው ትርፉን ጎማ አስለጥፈው አስነፉ፤ ጎሚስታው ከውስጡ የወጣውን ምስማር አሳያቸውና፣ «ይሄ ምስማር በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል» ብሎ ቀለደ። የምርመራው ግቢ ሲደርሱ ሰልፉ እስከ ውጭ ወጥቷል፤ የመጨረሻው ቀን አይደለ! መርማሪዋ ፅጌ ማርያም የምትባል ወጣት ናት፤ አንገቷ ላይ ብዕር አንጠልጥላ ከመኪና መኪና ትመላለሳለች። መብራት አየች፣ የዝናብ መጥረጊያ አየች፣ ጡሩንባ አስነፋች፣ ክሪኩን፣ መፍቻውን፣ ሳጥኑን፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን አየች። ጋሽ ሸረፈዲን በያንዳንዱ ዕቃ አንገታቸው ቀና እያለ ሄደ። እሳት ማጥፊያው ላይ ስትደርስ ግን ቆመችና ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይቺንማ አውቃታለሁ» አለች። «አንገቷ ላይ አረንጓዴ ቀለም ያለባት። ከዚያኛው ሰልፍ ላይ ከነጭ ሚኒባስ ጋር አይቻታለሁ፣ ከአንድ ፒክ አፕ ጋርም አይቻታለሁ። ዛሬ ደግሞ ከእርስዎ ጋር መጣች?» ዘይነት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ አፍራ ይሁን ስቃ አይታወቅም። ፅጌ ማርያም እሳት ማጥፊያውን አንስታ የመለኪያዋን ትንሽ መርፌ አሳየቻቸው። መርፌዋ ቀዩ ላይ ተኝታለች። «ባዶ ናት አባባ። እሳት ቢነሳ ይዘዋት ከመሮጥ በቀር የምትረባው ነገር የላትም።» ጋሽ ሸረፈዲን ክው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ስንት ዓመት በጥንቃቄ ሲዋሰው፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲመልሰው የኖረው ባዶ ቆርቆሮ ነው! ልጅቱ አልተቆጣችም። «እስክንዘጋ ጊዜ አለ፤ የራስዎን ሙሉውን ገዝተው ይምጡ። እስቲ ወዲያ ጉብታዋ ላይ ይውጡና የእጅ ፍሬኑን ልየው» አለች።

ጉብታዋ አጭር የሲሚንቶ ዳገት ናት። ጋሽ ሸረፈዲን መኪናዋን አወጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተቱ፣ እግራቸውን ከፍሬኑ አነሱ። ዲኤክሷ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። በእግር ፍሬን ያዟት። «ይጎትቱት እንጂ አባባ!» አለች ፅጌ ማርያም። እንደገና፣ ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ጎተቱ፤ እንደገና ተንሸራተተች። ያን ጊዜ ከአፋቸው፣ ሳያስቡት፣ ያ የአረፋው ቃል ወጣ። «ጎተትሁት እኮ!»

ፅጌ ማርያም በመስኮት አንገቷን አስገብታ እጀታውን አየች። እጀታው ሽቅብ ወጥቶ ወደ ጣሪያው ሊደርስ ምንም አልቀረው። «አዎ፣ ጎትተውታል» አለች።

ጋሽ ሸረፈዲን ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ምን አልሽኝ፣ ልጄ?»

«ጎትተውታል እኮ። እርስዎ ምን ያድርጉ? የማይዘው ፍሬኑ ነው። የፍሬኑ ካቦ ተበጥሶ ይሆናል፤ ያሠሩትና ይምጡ» አለችና ወደ ሌላው መኪና አለፈች። ለእሷ ያው የዕለት ሥራዋ ነው፤ ምን እንዳለች እንኳ ልብ አላለችውም። ጋሽ ሸረፈዲን ግን መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ያን ሁሉ ወር የራሳቸውን ጭንቅላት ሲመረምሩ፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ፣ ሶላት ስንት ረከዓ እንደሰገዱ ራሳቸውን ሲፈትኑ ኖረዋል። ከጎናቸው ዘይነት ድንጋዩን እንደታቀፈች ወደ ፊት ታያለች። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ሲያስጮህባቸው ነው የተንቀሳቀሱት።

መካኒኩ ሕዝቅኤል መኪናዋን አንስቶ ከሥሯ ገባና ካቦውን ይዞ ወጣ። ዝጎ ቡናማ የሆነ፣ መሐሉ ላይ ተበጣጥሶ እንደ አሮጌ መጥረጊያ የተንጨፈረረ ሽቦ ነው። «ይሄ የዛሬ የትናንት አይደለም፣ ጋሼ» አለ። «የተበጠሰው ጫፍ ሁሉ ዝጎ አልቋል። ከክረምቱም በፊት ነው የለቀቀው።» «አረፋ ላይስ? ያኔ ይይዝ ነበር?» ሲሉት ራሱን ነቀነቀ። «በዚያን ጊዜም ቢሆን ፍየል አይዝም። ባሕር ዳር ሜዳ ሆነና ሸፈነልዎት እንጂ! እዚህ ከተማ የእጅ ፍሬን የሚፈተንበት ዳገት ማን አለው? ሰው ሁሉ የሚጎትተው ለልማድ ነው።» ከዚያ አዲሱን ካቦ ከሚያስመጣበት ሱቅ ጋር በስልክ ዋጋ መከራከር ጀመረ፤ የአሮጌ መኪና ዕቃ ከመኪናው ይወደዳል እያለ። ጋሽ ሸረፈዲን አሮጌውን ካቦ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ሱሪያቸውን ዝገት በዝገት አደረገው።

እስኪሠራ ባልና ሚስት ግድግዳው ጥግ የተደረደረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ዘይነት ብስኩትና ውኃ ገዝታ ነበር፤ እኩል ተካፈሉ። «አንቺም ረስቷል ብለሽ ነበር?» አሉ ጋሽ ሸረፈዲን። ዘይነት ብስኩቱን ዋጥ አድርጋ፣ «ብዬ ነበር» አለች። ልታስተባብል አልሞከረችም። «ሰላህ ሊሸጣት ሲያስብም ዝም ያልሁት ለዚያ ነው። ፈርቼ ነበር፣ ሸረፍ። ዛሬ ፍሬኑን የረሳ፣ ነገ መንገዱን ይረሳል፣ ከነገ ወዲያ እኔን ይረሳኛል ብዬ።» ጋሽ ሸረፈዲን ይህን አልጠበቁም። ቁጣቸውን ሲፈልጉት አጡት። «አንቺን?» አሉ። «አንቺን መርሳት የሚቻል ቢሆንማ ድሮ ሞክሬው ነበር።» ዘይነት በውኃው ላስቲክ ትከሻቸውን መታቻቸው፤ ሕዝቅኤል ከመኪናው ሥር ሲስቅ ተሰማ።

እሳት ማጥፊያ ለመግዛት ሦስት ሱቅ ዞሩ። ሻጩ ዋጋውን ሲነግራቸው ጋሽ ሸረፈዲን በልማዳቸው ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱና፣ ተዉት። መርፌዋን ግን ሁለት ጊዜ አዩ፤ አረንጓዴው ላይ ቆማለች። ካርቶኑን አትጣለው ብለው ተቀበሉት፤ ለአሻንጉሊት ቤት ጣሪያ ይሆናል። ሊዘጉ ሲቃረቡ ጉብታዋ ላይ ወጡ፣ ፍሬኑን ጎተቱ፣ እግራቸውን አነሱ። ዲኤክሷ ንቅንቅ አላለችም። ፅጌ ማርያም መስታወቱ ላይ ቦሎውን እየለጠፈች፣ «ያቺን ባዶዋንስ ምን ሊያደርጓት ነው?» አለች። «ለባለቤቷ መልሼ አስሞላላቸዋለሁ። ሰፈሩም ይወቀው» አሉ። «ለሰፈሩ የኔን ሰላም ይንገሩልኝ» አለች ሳቋን እየያዘች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሰላህ ሱቅ ደጃፍ ዲኤክሷ ቆመች። ሰላህ በርበሬ ሲመዝን ቀና አለ፤ መጀመሪያ ያየው አዲሱን ቦሎ ነው። ሚዛኑ ላይ እጁ ቆመ። «ሱቁን ዝጋና ውጣ፣ ሐይቅ ዳር ደርሰን እንምጣ» አሉት አባቱ። «አሁን? ገበያ ነው እኮ...» «ዝጋው አልሁህ።» አባቱ እንዲህ ባለ ድምፅ ከተናገሩት ዘመን አልፏል። ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ሐይቅ ዳር ወደ የትኛው ቦታ እንደሚሄዱ ሲገባው ግን ሰላህ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ ያች የሣር ቁልቁለት ናት፣ ያው ደንገል፣ ያው ውኃ። አንድ ሽማግሌ ታንኳውን እየገፋ ወደ ዳር ይመጣል።

ጋሽ ሸረፈዲን መኪናዋን ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርገው አቆሙ። ማርሹን ዜሮ አደረጉ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተቱ። ዘይነት በልማድ ድንጋዩን ይዛ በሩን ልትከፍት ስትል፣ «ተይው» አሏት። ሰላህ «አባባ!» ብሎ ጮኸና በሩን በርግዶ ወረደ። ሮጦ ከመኪናዋ ፊት፣ በእሷና በውኃው መሐል ገባ፤ ሁለት እጁን ኮፈኗ ላይ ዘርግቶ፣ እግሩን ሣሩ ላይ ተክሎ ቆመ። ሊይዛት ነው! ይህን ሁሉ ብረት በሁለት እጁ ሊይዝ! ጋሽ ሸረፈዲን በመስታወቱ ውስጥ የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ያው የአረፋው አመድ ፊት ነው። ይህ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቡ እዚሁ ቦታ ላይ ቆሞ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባቸው። ቀኑን ሙሉ ሊናገሩት ያዘጋጁትን ንግግር፣ በመስኮት ሥር ስለመስማት፣ ስለ ልጅ ወግ፣ ስለ ክህደት ያሰቡትን ሁሉ ረሱት። ይህን መርሳት ማንም አልታዘባቸውም።

ቀስ ብለው ወርደው በሩን ዘጉ። ዘይነትም ወረደች። «እጅህን አንሳ» አሉት።

«አልችልም፣ አባባ።»

«አንሳ ልጄ። አንተ አይደለህም የያዝሃት።»

ሰላህ አንዱን እጁን አነሳ። ቆየና ሁለተኛውን አነሳ። መኪናዋ ቆማለች። አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ፤ ቆማለች። አባቱ ከኪሳቸው የተንጨፈረረውን ካቦ አውጥተው ሰጡት፤ «ሕዝቅኤል ነው ያወጣው። ከክረምቱ በፊት የተበጠሰ ነው አለ» አሉት። ሰላህ ሽቦውን በጣቱ እያሻሸ ለብዙ ጊዜ አየው። «ጎትተኸው ነበር» አለ። «ጎትቼው ነበር» አሉ። ሰላህ ወደ ውኃው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ታጠበ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አውፍ በለኝ፣ አባባ» አለ። አባቱ አንገቱን ሳብ አድርገው አቀፉት። ሰላህ ከትከሻቸው ላይ ሳይነሳ፣ «ነገ ጠዋት ባጃጁን አልጠራም። ሰሚሐን አንተ አድርሳት» አለ።

ጋሽ ሸረፈዲን የልጃቸውን ጀርባ መታ መታ አደረጉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያማ ለመራዊው ሰውዬ ቶሎ ደውልለት፤ በከንቱ መንገድ አይውጣ።» ሰላህ ቀና አለ። አባቱን አየ፣ እናቱን አየ። ዘይነት ታንኳውን ነው የምታየው። «መስኮቱ ክፍት ነበር» አሉ ጋሽ ሸረፈዲን።

መግሪብ ሲቃረብ ሊነሱ ሆነ። ዘይነት መኪናው ውስጥ የቀረውን ድንጋይ አንስታ፣ «እንግዲህ ይቺን እዚሁ ልጣላት?» አለች። «እንዳትጥያት!» አሉ ጋሽ ሸረፈዲን። «ክሪኩ ከሰላህ አልጋ ሥር ወጥቷል። ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ተንከባለው ሐይቅ እንዳይገቡብን።» ዘይነት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በሩን ተደገፈች። ሰላህ ድንጋዩን ከእናቱ ተቀበለና ከኋላ ወንበር ጭኑ ላይ አድርጎ ታቀፈው፤ ቤት እስኪደርሱም አላስቀመጠውም።